የፍልሰታ ስንቅ

የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ልጆቹን ይዞ ጣና ዳር ሊያሳድራቸው ነው አሉ። እናትየው ሰሞኑን አንዴ ወደ ጓዳ አንዴ ወደ ደጅ እያለች ብቻዋን ታወራለች። ጫማው ከየት ይምጣ፣ ብርድ ልብሱ ከየት ይምጣ፣ ደግሞ ለመኪናው፣ ደግሞ ለምግቡ ትላለች። ልጅቷ ግን ይህ ሁሉ ጆሮዋ አልገባም፤ ማን ከማን አጠገብ እንደሚተኛ ከጓደኞቿ ጋር እየተጨቃጨቀች በደስታ እንቅልፍ አጥታለች። እኔ ጥጌን ይዤ ሁለቱንም አያለሁ። ልጅቷን ልቆጣት እነሣና እተወዋለሁ። እኔም እንዲሁ ነበርኩ።

እኔ ከቤት ወጥቼ ያደርኩት በጠላት ጊዜ ነው። ጣሊያን ማርቆስ ከገባ ሁለተኛው ክረምት ይሁን ሦስተኛው እንጃ፤ የፊት ጥርሴ ወልቆ አዲሱ ብቅ ማለት እንደ ጀመረ ግን አልረሳም፤ ውዳሴ ማርያም ስደግም ምራቄ የኔታ ፊት ላይ ይረጭ ነበርና። የኔታ ፊታቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረግ ያደርጉና «ቀጥይ፣ ቀጥይ፣ ክረምት ነው፣ መዝነቡ አይቀርም» ይሉኛል። ወንዶቹ ይስቁብኛል። እኔ ደግሞ የሚስቅብኝን ሰው አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። እንዲያውም በንዴት የባሰ ጮክ ብዬ እደግም ነበር።

መንደራችን ከአምበር ወረድ ብሎ ነው፤ ጠዋት ገበያ የወጣ ሰው ከቀትር በኋላ የሚመለስበት። አባቴ ሁለት ማሳ ነበረው። አንደኛው ቀይ አፈር ነው፣ ጤፍ ይዘራበታል። ሁለተኛው ከወንዙ ዳር ያለ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካው ክረምቱን ሙሉ ውኃ ተኝቶበት ይከርምና ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ ሽምብራ ይዘራበታል። ሽምብራው በጥር ይሰበሰባል፣ ከዚያ ሁዳዴ ይገባል። በሁዳዴ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፤ ሽሮው እሱ፣ ንፍሮው እሱ፣ ቆሎው እሱ። እኛ ቤት ሽምብራ ጠፋ ማለት ያን ሁሉ ጾም በደረቁ መግፋት ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ የማወራው ነገር በሙሉ እዚህች ሽምብራ ላይ ነው የሚመጣው።

ከእኔ በፊት የተወለዱት ልጆች ለወላጆቼ አላደጉላቸውም። እናቴ እኔን ስትወልድ ለማርያም ተሳለች። «ይቺን አትርፊልኝ እንጂ፣ ውዳሴሽን በቃሏ ያጠናች ዓመት ፍልሰታን ደጅሽ ጠንታ ትቆርባለች» አለች። በመንደራችን ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ የተለመደ አልነበረም፤ የኔታ የተቀበሉኝ ለዚሁ ስለት ሲሉ ነው። እሳቸው ቄስም፣ አስተማሪም፣ የእናቴና የአባቴ የነፍስ አባትም ነበሩ። በዛፍ ሥር ከወንዶቹ ጋር ቁጭ ብዬ ፊደሉን ጨረስኩ፣ ውዳሴውንም የሰባቱን ቀን ያዝኩ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ አወራችው። አባቴ ግን ማታ ማታ እግሩን ሲታጠብ «እስቲ የዛሬውን በይልን» ይለኝና ውኃው እስኪቀዘቅዝ እግሩን ከገበቴው ሳያወጣ ይሰማኝ ነበር።

ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፣ ይህን ማንም ያውቃል። በደጉ ጊዜ የእኛው ደብር ግቢ ውስጥ ጎጆ ተቀልሶ ልጆች ከነሐሴ መግቢያ እስከ ፍቺው ድረስ እዚያው እያደሩ ሱባኤ ይይዙ ነበር። ያን ዓመት ግን ጠላት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተከለ። የዘመዶቻችን መቃብር ላይ በቅሎ አሰረ። የኔታ ሐምሌ ማለቂያ ላይ አንድ እሑድ ወላጆችን ሰበሰቡና «ልጆቹን ደጀን አጠገብ፣ ከዐባይ አፋፍ ወዳለችው ማርያም ይዣቸው እሄዳለሁ፤ ሱባኤውን እዚያ ያደርጋሉ» አሉ። የትምህርት ዋጋ አይጠይቁም ነበር፣ የመንገድም አልጠየቁም። ለአንድ ልጅ አንድ ቁና ሽምብራ ወይም ባቄላ፣ ትንሽ በሶ፣ ለብርዱ ደበሎ ወይም ጋቢ፣ ለቁርባኑ ነጭ ልብስ፤ ይኸው ነው። ሲሰሙት ቀላል ነው። ወላጆቹ ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኛ ልጆቹ ከዛፉ ወዲያ እየዘለልን ነበር።

የኔታ አንድ ልማድ ነበራቸው። የሱባኤ ስንቅ ሲሰበሰብ ጎጆአቸው ውስጥ አንድ ትልቅ ስልቻ አፉን ከፍተው ያስቀምጡና እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ወላጅ ስንቁን በጋቢው ሸፍኖ ይገባል፣ ስልቻው ውስጥ ይገለብጣል፣ ይወጣል። ማን እንዳመጣ፣ ማን እንዳላመጣ፣ ማን ቁናውን እንዳጎደለ የሚያይ የለም። ባለጸጋውም ደሀውም በአንድ ስልቻ ነው። «ልጅ በአባቱ ድህነት አንገቱን አይድፋ» ይሉ ነበር። ደግ ልማድ ነው፤ ዛሬም ደግነቱን አልክድም።

እንግዲህ ቁናው። ያን ክረምት የሁሉም ሰው ጎታ ባዶ ነበር። ቀን ጠላት ይመጣና ለበቅሎው ገብስ፣ ለወታደሩ ጤፍ ይወስዳል። ሲመሽ አርበኞቹ ይመጣሉ። እነሱ የራሳችን ልጆች ናቸው፣ የምንሰጣቸው ወደን ነው፤ ግን ወደው የሰጡትም እህል ከጎታው ይጎድላል። እኛ ቤት የቀረው ጥቂት ገብስና ለዋልካው የተቀመጠው የሽምብራ ዘር ብቻ ነበር። ዘሩ ነቀዝ እንዳይበላው በአመድ ታሽቶ፣ በትንሽ ስልቻ ሆኖ ከምድጃው በላይ ጭስ እየጠገበ ይንጠለጠላል።

«ቁናውን ከየት እናምጣው?» አለች እናቴ።

አባቴ ወደ ስልቻው ቀና እንኳ አላለም። «ዘር አይነካም» አለ።

«ልጅቷስ?»

«ዘር አይነካም አልኩ እኮ።»

«እሺ፣ ማርያምን ምን ልበላት?»

«ክረምት መሆኑን እሷም ታውቃለች» አለና ከብቶቹን ሊያይ ወጣ።

ጎረቤቶቻችንም አልቀሩም። «ለሴት ልጅ ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» ያለች አንዲት ሴት ነበረች፤ ነፍሷን ይማር፣ ግን አልወዳትም ነበር። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ድምፄን አጥፍቼ አለቀስኩ። ድምፄን ያጠፋሁት እንዲሰሙኝ ነው፤ ልጅ እንዲህ ያለውን ብልሃት ከእናቱ ሆድ ይዞት ይወጣል። ሁለቱም ሰምተውኛል።

ከዚያ በኋላ ምን እንደ ተደረገ አላወቅሁም። ከጥቂት ቀን በኋላ እናቴ ራሴን እየሠራች «ትሄጃለሽ» አለችኝ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ማርያም አላት» አለችው። «አላት» አለና ዘወር አለ። ስንቁ ከየት መጣ ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችው። በማግስቱ እናቴ ሁለት ካላት ነጠላ ደኅነኛውን ቀዳ ነጭ ቀሚስ ሰፋችልኝ፣ አባቴ ጋቢውን አጥፎ ጫንቃዬ ላይ ጣለልኝ። ጋቢው እንደ በሬ ቀንበር ይከብድ ነበር። እኔ ግን ደስታዬ መሬት አላስረገጠኝም።

መንገዱን ሳስበው ዛሬም ፈገግ እላለሁ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። ስንቁ በሁለት አህያ ተጭኗል፣ የኔታ መቋሚያቸውን እየተከሉ ከፊት ይሄዳሉ፣ እኛ ከኋላ ተራ በተራ እየወደቅን እንነሣለን። የመንደራችን የጭቃ ሹም ልጅ ብቻ በቅሎ ላይ ነበር። አባቱ ቀን ለጠላት ማታ ለአርበኛ እጅ የሚነሣ ሰው ስለሆነ በቅሎው አልተወሰደበትም። ልጁ ከላይ ሆኖ «ተበላሻችሁ» ይለናል። ወንዝ ስንሻገር በቅሎዋ አንሸራተታትና ከእኛ የባሰ ተበላሸ። ያን ቀን የሳቅኩት ሳቅ ለዓመት ይበቃኝ ነበር።

ማርያሟ ገደሉ አፋፍ ላይ ናት። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከዐባይ እየተነሣ ይመጣና ቤተ ክርስቲያኑን ይውጠዋል፤ እጃችንን ዘርግተን እየዳበስን ነበር ወደ ኪዳን የምንሄደው። እኛ ሴቶቹ ጥቂት ስለሆንን አንዲት አሮጊት እማሆይ ጎጆ ውስጥ አሳደሩን። በአንድ ጋቢ ሦስት ሆነን እንተኛለን፣ እግር ለእግር እንረጋገጣለን፣ እማሆይ በጨለማ «ጸልዩ እንጂ አትንሾካሾኩ» ይላሉ፣ እኛም ጸሎት አስመስለን እንንሾካሾካለን። ከወዲያ በደጀን በኩል የጠላት ካሚዮን ዐባይን ሲወጣ ይሰማናል። ያቃስታል፣ ይቆማል፣ እንደገና ያቃስታል። ወንዶቹ «ይወጣል» «አይወጣም» ብለው ይወራረዳሉ። ጠላት መሆኑን እናውቃለን፤ ግን ከሩቅ ሲሰማ ደክሞት የሚያጉረመርም ሽማግሌ ይመስል ነበር።

ሽምብራው ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ተነክሮ ያድራል። ቅዳሴ ሲወጣ የኔታ በር ላይ ይቆሙና ለእያንዳንዳችን እፍኝ እፍኝ ያድሉናል። በሕይወቴ ብዙ ድግስ በልቻለሁ። ያን እፍኝ የሚያህል ግን አልቀመስኩም። ከእፍኙ ውስጥ አመድ አመድ የሚሉ፣ ጭስ ጭስ የሚሸቱ ሽምብራዎች አገኝ ነበር። ያ የቤታችን ሽታ ነው፤ እናቴ የምታነደው የወይራ ጭስ። እነሱን እየለቀምኩ መጨረሻ ላይ እበላቸዋለሁ፣ እየበላሁም ሆድ ይብሰኛል። ዘር መሆኑ ግን ትዝም አላለኝ።

በደረስን በማግስቱ የኔታ ስንቁን ሰፍረው ነበር። ጠሩንና «ከእናንተ ቁጥር አንድ ቁና ተርፏል። ከወላጆቻችሁ አንዱ ከተጠየቀው በላይ ሰጥቷል። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ልወቅም አልልም፤ ጸልዩለት» አሉ። እዚያው ደብሩ ግቢ ውስጥ ጠላት መንደራቸውን ያቃጠለባቸው ሰዎች ተጠግተው ነበር፤ አንዲት ሴት ሕፃናት ይዛ ከዕቃ ቤቱ ሥር ትተኛለች። የተረፈው ቁና ለሷ ሆነ። በየቀኑ ቀድማ የምትቀበለው እሷ ነበረች፣ ሕፃናቱ ሽምብራውን ሳያላምጡ ይውጡት ነበር።

የጭቃ ሹሙ ልጅ ደረቱን ነፋ። «የኛ ነው» አለ። «አባቴ ነው ጨምሮ የሰጠው።» ማን ይከራከረው? በቅሎ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሴትየዋም ሳትቀር አልፎ ሲሄድ «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ጌታ» ትለው ጀመር። እሱም እጁን አንሥቶ እንደ ጳጳስ ይባርካታል።

በፍልሰታ ዕለት ወላጆች ጭቃውን አቋርጠው መጡ። እናቴ በቀረቻት አሮጌ ነጠላ፣ አባቴ ጋቢው እኔ ዘንድ ስለሆነ በእጀ ጠባብ ብቻ፣ ብርዱ ከንፈሩን አጥቁሮት። ቆርቤ አፌን በእጄ ሸፍኜ ስወጣ እናቴ እልል ማለት አቅቷት ቆማ ነበር። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። አባት የልጁን ጉልበት ሲስም ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

ከተመለስን በኋላ ዝናቡ ጋብ አለና የሽምብራ መዝሪያው ደረሰ። አባቴ በሬዎቹን ጠምዶ ዋልካውን አርሶ አለስልሶ ነበር። ስልቻውን ከምድጃው ላይ አውርዶ ተሸክሞ ወጣ፣ እናቴ ተከተለችው፣ እኔም ተከተልኩ። ሰማዩ ጠርቶ፣ አደይ አበባ እዚህም እዚያም ማየት ጀምረን ነበር። እናቴ ግን መንገዱን ሁሉ ከንፈሯን ትነክሳለች። አባቴም ወደ ኋላ ዞሮ አያያትም።

ማሳው ጫፍ ሲደርስ ጀርባውን ሰጠንና ስልቻውን ፈትቶ ከአፉ ላይ ገለባ እያወጣ ወደ ጎን ይጥል ጀመር። እናቴ አየችው።

«ከላይ ምን ገለባ አለ?» አለች።

እሱ እጁን ሰደደ፣ ጥቂት እፍኝ ሽምብራ አወጣ። እንደገና ሰደደ፣ እስከ ክንዱ ገባ፣ ያወጣው ገለባ ነው። ስልቻውን መሬት ላይ ገለበጠው። ገለባ። ዞሮ አያት።

«ከታችስ ምን ገለባ አለ?» አላት በተራው።

እናቴ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። እሷ አባቴ እርሻ በዋለበት ቀን ስልቻውን አውርዳ ግማሹን፣ አንድ ቁና ሰፍራ ለየኔታ ወስዳለች። ስልቻው እንዳይጎድል ከታች ገለባ ጠቅጥቃ የቀረውን ዘር ከላይ መለሰችበት። ግማሹን ዘርቶ ገለባው ላይ ሲደርስ እግሩ ላይ ወድቃ ልትነግረው ነበር። እሱ ደግሞ «አይነካም» ብሎ ቃሉን መብላት አፍሮ፣ እሷ አምበር ገበያ በሄደችበት ቀን ከላይ ከላዩን አንድ ቁና ሰፍሮ ወስዷል። ከሥር ግማሹ ዘር አለ ብሎ አላየም። ጉድለቱን በገለባ ሸፍኖ ሰቀለው። ሁለቱም የየኔታን ጀርባ እያዩ ገልብጠው ወጥተዋል። «አላት» ያላት ጊዜ እሷ አውቆ ይቅር ያለኝ መሰላት፤ እሱም አውቃ የሸፈነችልኝ መሰለው። አንድ ቤት፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ብልሃት፤ ለመነጋገር ብቻ ነው ያልታደሉት።

አባቴ ሳቀ። ጠላት ከገባ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። እንባው እስኪፈስ ሳቀ፣ እናቴም አብራው ሳቀች፣ ከዚያ የሷ ሳቅ ተገለበጠና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው።

«እንግዲያ ትርፉ ቁና የኛ ነበር!» አልኩ። «የጭቃ ሹሙ አይደለም፣ የኛ ነው!»

አባቴ ሳቁን ዋጠና አጠገቤ ተንበረከከ። «ስሚኝ ልጄ። ለማርያም የተሰጠ ነገር ተሰጥቷል። ለማንም እንዳትናገሪ። ለየኔታም ቢሆን። ከተናገርሽው ያን ቁና መልሰሽ ከዚያች ሴት አፍ ላይ እንደ ወሰድሽው ቁጠሪው።»

«የጭቃ ሹሙ ልጅ ግን...»

«ይበል» አለ። «ይጥገብበት።»

ጥቂቷን እፍኝ ማሳው ዳር ላይ እንደ ክር አድርጎ ዘራት። የቀረው ዋልካ ጦሙን አደረ። ዘር መጠየቅ ለገበሬ ነውር ነው፣ ለምን ጠፋ ተብሎ ይጠየቃልና፤ ደግሞስ ማን ተርፎት? አላፊ አግዳሚው «ምነው መሬቱን ተውከው?» ሲለው «ደክሞታል፣ ትንሽ ይረፍ» ይላል። ሰው ሰነፈ አለው። አባቴን ሰነፍ ያለ ሰው ካለ እስከ ዛሬ አልታረቅሁትም። የጭቃ ሹሙ ልጅ ዓመቱን ሙሉ በዛፉ ሥር ያን ቁና እያነሣ ሲፎክር ምላሴን ነክሼ ከረምኩ፣ ለእኔ ዓይነቷ ይህ ቀላል አይምሰላችሁ።

ጤፉ ተሰበሰበ፤ ደኅና ደኅናውን፣ ቀን የመጣው ጠላትም ማታ የመጣው አርበኛም ተካፈሉት። ጥር ሲደርስ የሰው ዋልካ ላይ ሽምብራ ሲነቀል እኛ ዳር ላይ ያለችውን ለቅመን ለዘር አስቀመጥናት። ሁዳዴ ገባ።

ያን ሁዳዴ እናቴ እስከ ማታ ትጾም ጀመር። ሰው ሁሉ አደነቃት። «ልጇ ከቆረበች ወዲህ ጸደቀች» አሉ። እኔም ለጓደኞቼ «እናቴ ኮከብ ሳታይ አትቀምስም» እያልኩ እኩራራ ነበር። ለእኔ ቀትር ላይ እንጀራ በጎመን ትሰጠኛለች፣ አንዳንዴ ከየት እንደምታመጣው እንጃ ትንሽ ንፍሮ አለበት። በልቼ እጄን ታጥቤ ወደ ትምህርቴ እሮጣለሁ።

ጾሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ የኔታ ቀትር ላይ እቤታችን መጡ። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነበር፣ እኔ መደቡ ላይ ዳዊቴን ይዣለሁ። ተቀመጡና ትንሽ አዩአት።

«እስከ ማታ ነው አሉ የምትጾሚው?»

«አዎ የኔታ።»

«ማን አዘዘሽ? እኔ የነፍስ አባትሽ አላዘዝኩሽ። ጉንጭሽ ገብቷል፣ እጅሽ እንዝርቱን መያዝ አቅቶታል። ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሲወጣ ትበያለሽ። ትእዛዝ ነው።»

እናቴ ከእንዝርቷ ቀና ሳትል «እሺ የኔታ፣ ካዘዙኝ እበላለሁ። ይዘውልኝ መጥተዋል?» አለች።

የኔታ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀረ። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ጎታውን፣ ምድጃውን። «ዋልካው ለምን ሳይዘራ ከረመ?» አሉ ቀስ ብለው። እናቴ ወደ ጥጧ አቀረቀረች። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ንገሪኝ። የአባትሽ ዘር የት ሄደ?»

አባቴ ያለኝ ትዝ አለኝ። አፌን ገጥሜ ዳዊቱ ላይ አቀረቀርኩ፤ እንባዬ ግን ብራናው ላይ ዱብ ዱብ አለ። የኔታ እንባውን አዩት። ከዚያ «የተረፈው ቁና» አሉ። ለማንም አይደለም የተናገሩት። ፊታቸውን በኩታቸው ሸፍነው ሳይባርኩን ወጡ።

ከማግስቱ ጀምሮ ቀትር ላይ ይመጡ ጀመር። ምእመኑ ለሳቸው የሚሰጣቸውን እንጀራ በሽሮ በሰፌድ ሸፍነው ይዘው ይመጣሉ። ለሰው «ጸሎት አስጠናታለሁ» ይላሉ። እናቴ ጎርሳ እስክትውጥ ከመደቡ አይነሡም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትውጥ አልቅሳለች። እሷም ሁልጊዜ ሲሄዱ ግማሹን በነጠላዋ ጠቅልላ ለአባቴ ታስቀምጥ ነበር።

አባቴ የሚመጣው ሲመሽ ነው። ጠዋት «ወንፈል አለብኝ፣ የሰው እርሻ ላግዝ» ብሎ ይወጣል። ስታቀርብለት «ወንፈሉ ቤት አብልተውኛል፣ ጠግቤያለሁ፣ ለልጅቷ ስጫት» ይላታል። እኔም እቀበላለሁ። ሽሮው የሰው ቤት ሽሮ ስለሆነ ይጣፍጠኛል። በላሁ፣ ተኛሁ፤ ያን ሁዳዴ አንድ ቀን እንኳ ርቦኝ አላደርኩም።

አድጌ ባል አገባሁ፣ እኔም የገበሬ ሚስት ሆንኩ። አንድ ዓመት በሁዳዴ ባሌ ሥራ ፈትቶ በር ላይ ሲቀመጥ አየሁትና «ምነው፣ ወንፈል የለም?» አልኩት። ሳቀብኝ። «በሁዳዴ ምን ወንፈል አለ?» አለኝ። «አጨዳው አልቆ፣ ውቂያው አልቆ፣ መሬቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ማን ምን ይሠራል?»

በሳምንቱ እናቴ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋት። ታውቅ ነበር። ያን ሁዳዴ አባቴ ጠዋት እየወጣ ዋልካው ዳር፣ ወንዙ አጠገብ፣ ብቻውን ተቀምጦ ይውል ነበር፤ ሲርበው ውኃ ይጠጣል፣ እኔ የምተኛበት ሰዓት ሲደርስ ይመጣል። እናቴን ብዪ ያሏት የነፍስ አባት ነበሩ። አባቴን ግን ብላ ያለው ሰው አልነበረም፤ ስታቀርብለት ወደ እኔ ይገፋዋል፣ እኔም እጄን ዘርግቼ እቀበለው ነበር።